ዝገቱን አልፎ መቁረጥ

የዛገ መኪና የሚጠግን ሰው ሙያው የሚመዘነው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ አይደለም። ያን ጊዜ ሁሉም ያምራል። በወጉ የተሠራውም፣ በስቱኮ ተደፍኖ የተሸፈነውም ፀሐይ ላይ እኩል ያበራሉ፤ የሚለያቸው ቀጥሎ የሚመጣው ክረምት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚቀጥለው ነው። ሙያውን ማየት የፈለገ ሰው መሄድ ያለበት አሮጌው ላሜራ ተቆርጦ ወጥቶ አዲሱ ገና ባልገባበት ቀን ነው። ቀዳዳው አፉን ከፍቶ ሲታይ የሚደበቅ ነገር የለም። ዝገቱ በታየበት ልክ ብቻ የተቆረጠ ከሆነ የሠራው ሰው ፈርቷል፣ ወይም ቸኩሏል። ዝገቱን አልፎ ጤነኛው ብረት ውስጥ ከገባ፣ ማዕዘኖቹም ሹል ሳይሆኑ ክብ ተደርገው ከተቆረጡ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ባለሙያ አለ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ቀዳዳ ያየሁት አዲስ አበባ፣ ብስራተ ገብርኤል ነው። ከሳር ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ግንብ አጥር ባላቸው ቪላዎችና በአዳዲስ አፓርታማዎች መሃል የቆርቆሮ አጥር ያላቸው ትንንሽ ግቢዎች አሁንም አልፎ አልፎ ቀርተዋል። ከነዚህ አንዱ ጋራዥ ነው። ከቆርቆሮው ጀርባ መዶሻ ይሰማል፤ ካርባይድና የተቃጠለ ቀለም ይሸታል። ግቢው ውስጥ አንዲት ዲኤክስ ኮሮላ በሮቿ ወልቀው ቆማለች፤ አጠገቧ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ኮፈኗን ከፍታ ተራዋን ትጠብቃለች። እኔ የሄድኩት ግን ለቮልሷ ነው።

ቮልሷ 1300 ናት፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራች። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ባትላሜራው አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ንግግሩ አጭር፣ እጁ ትልልቅ የሆነ ሰው ነው፤ ረዳቶቹ «ጋሼ» ይሉታል።

«ልጄ፣ መልኳን ተወው፤ ወለሏን አድንልኝ» አሉት መምህርቷ።

«እትዬ፣ ወለሏ ብቻ ከሆነ ተመስገን ነው። መጀመሪያ ልስማት።»

መስማቱ እውነተኛ መስማት ነበር። በካቻቢቴ እጀታ ከፊት ፓራፋንጎ ጀምሮ ወደ ኋላ እያንኳኳ ሄደ። ገበያ ላይ ገንቦ የምትገዛ ሴት በጣቷ አንኳኩታ ስንጥቁን እንደምትሰማ፣ እሱም ላሜራው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጠው ያልፋል፣ ድምፁ ሲደፈን ይቆማል። የተደፈነ ድምፅ ከስሩ ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው፤ አንድ ሰው ከዚህ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ሸፍኖ ሄዷል። ከዚያ ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በዚያው ቦታ ላይ አንሸራተተ። ማግኔቱ ብረቱን በያዘበት ይሄዳል፣ ስቱኮው በወፈረበት ይወድቃል። በወደቀበት ሁሉ በጠመኔ ክብ አደረገ። ሲጨርስ የመኪናዋ የታችኛው ክፍል በሙሉ በነጭ ክቦች ተሞልቶ ነበር፤ የላይኛው አካሏ አንድም አልነበረበትም። መምህርቷ ጠመኔውን አይተው ዝም አሉ።

ቮልስ ከታች ለምን እንደምትበላ ለመረዳት ሞተሯን ማስታወስ ይበቃል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር እንጂ በውሃ አይደለም። ተሳፋሪውን የሚያሞቀው አየር ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ሙቀት ይዞ፣ በግራና በቀኝ በሮቹ ስር በተዘረጉ ባዶ የላሜራ ሣጥኖች ውስጥ አልፎ ወደ ፊት ይደርሳል። ሣጥኖቹ ግን ሌላም ሥራ አላቸው። የመኪናዋ አካል ከወለሏ ጋር በብሎን የሚታሰረው በነሱ በኩል ስለሆነ ጉልበቷ ያለው እነሱ ላይ ነው። ከውጭ መርገጫው ይጋርዳቸዋል፤ ከውስጥ ምንጣፉ። ሆዳቸው ውስጥ ብሩሽም እጅም አይገባም። አዲስ አበባ ላይ ማሞቂያ የሚከፍት ባለ ቮልስ ብዙም አላየሁም፤ ሞቃት አየር የማያልፍበት ሣጥን ደግሞ የገባውን እርጥበትና አቧራ አቅፎ ክረምቱን ይከርማል። ስለዚህ የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከውጭ ቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት ሲታይ ባለመኪናው «ጀመራት» ይላል። የጀመራት ግን ከዓመታት በፊት ነው።

እብጠቱ ራሱ ምክንያት አለው። ብረት ውሃና አየር አንድ ላይ ሲያገኝ ወደ ዝገት ይለወጣል፤ ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። መሄጃ ሲያጣ ቀለሙን ከስር ያነሳዋል። የተነሳው ቀለም ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ተጨማሪ ውሃ ያስገባል፣ ሥራው ይቀጥላል። ጨው ሲጨመርበት በጣም ይፋጠናል። ጅቡቲ የከረመ መኪና ወይም በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ከሚበተንበት ከሰሜን አውሮፓ የመጣ መኪና ብሎኑ ሲፈታ ይታወቃል። አዲስ አበባ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ ባህር የለ፣ ጨው የለ፣ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በጋው ደረቅና ረጅም ነው። እኛን የሚጎዳን ጭቃ ነው። በበሮቹ ግርጌና በሣጥኖቹ ሥር ፋብሪካው ሆን ብሎ የተዋቸው የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። በር ውስጥ በመስታወቱ ጎሚኒ በኩል ውሃ መግባቱ የማይቀር ስለሆነ መውጫ ተሠርቶለታል። በጋ ላይ አቧራው ይሞላቸዋል፣ ሐምሌ ላይ ጭቃው ይደፍናቸዋል፣ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው፤ ስንት በር የሚጠፋው በአንድ ሽቦ ሊከፈት በሚችል ቀዳዳ መሆኑን ሳስብ ያበሳጨኛል።

ቮልስ ሌላም የራሷ ቦታ አላት። ባትሪዋ ከኋላ መቀመጫው ስር፣ በቀኝ በኩል ነው። የባትሪው አሲድ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ ቀለሙን ገፎ ላሜራውን ይበላል። መቀመጫው ሲነሳ እዚያ ቦታ ላይ መሬት ይታይ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያየሁት ነገር ነው ስለዚህ ሥራ እንድጽፍ ያደረገኝ። እንደ ማንም ሰው መቁረጫ ያነሳል ብዬ ስጠብቅ፣ ባትላሜራው የማዕዘን ብረት አነሳ። በሁለቱ የበር ክፍተቶች ላይ አግድምና ሰያፍ አድርጎ በየዳቸው። ከዚያ በሮቹን ከመግጠሚያቸው ከማውለቁ በፊት በበሩና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለክቶ ቁጥሮቹን በጠመኔ የፊት መስታወቱ ላይ ጻፋቸው። መኪናዋንም በክሪክ ከአራት ቦታ እኩል አስደገፋት። ረዳቱ ለምን እንደሆነ የጠየቀው እኔ ስለቆምኩ ይመስለኛል። «ሣጥኑ ሲወጣ ጀርባዋ ይሰበራል። አሁን ካላሰርካት አዲሱን ሣጥን ጎብጣ ባለችበት ትበይድላታለህ። ከዚያ በሩ መቼም አይዘጋም» አለው። በጥድፊያ የተሠሩ ቮልሶች በራቸው ሲዘጋ የሚያሰሙትን ድምፅ ለሰማ ሰው፣ ይህ አንድ ሰዓት የፈጀ ማሰሪያ ምን እንዳተረፈ ግልጽ ነው። ሥራው ሲያልቅ ማሰሪያው ተቆርጦ ይወጣል፤ የተበየደበት ቦታ ተሞርዶ ይጠፋል። ማንም አያውቀውም።

ከዚያ የመቁረጫው መስመር መጣ። ረዳቱ ዝገቱን ተከትሎ በጠመኔ አሰመረ። የጥሩ ልጅ መስመር ነበር፣ ሥርዓት ያለው። ባትላሜራው በአውራ ጣቱ አጠፋውና ከዚያ አራት ጣት ያህል አርቆ ሌላ መስመር ሠራ። ልጁ ደነገጠ። እኔም ደንግጫለሁ፤ ደህና የሚመስል ብረት ነበር ሊቆርጥ ያለው። ከመቁረጡ በፊት ግን ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ገፎ አሳየን። በመጀመሪያው መስመር ላይ ብረቱ ነጭ ሆኖ አልወጣም፤ በጥቃቅን ጥቁር ጉድጓዶች ተነቅሷል። እነዚያ ጉድጓዶች ብረቱን አሳስተውታል። የቮልስ ላሜራ ሲጀመርም ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር አይሞላም፤ ግማሹ ከተበላ በኋላ ነበልባል ሲነካው ከመያያዝ ይልቅ ይቀዳል፣ ብየዳው እያደር ይሰነጠቃል። በሁለተኛው መስመር ላይ ብረቱ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበር።

ይህን የሚያደርገው በራሱ ላይ ነው። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር የሚተካው ላሜራ ይበዛል፣ ቅርጹ ይከብዳል፣ ብየዳው ይረዝማል፣ ዋጋው ግን በፊት በቃል የተስማሙበት ነው። በየጋራዡ ያለው ግፊት ቀዳዳውን ለማሳነስ ነው፤ ባለመኪናው እንዳይደነግጥ፣ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ፣ ቅዳሜ እንዲወጣ። በዚህ ሙያ ውስጥ ትልቁ ችሎታ የት ላይ መቆም እንዳለበት ማወቅ ነው የምለው ለዚህ ነው። መዶሻና ብየዳ በልምምድ ይመጣሉ። አራት ጣት አልፎ መሄድ ግን ልብ ይጠይቃል።

ማዕዘኖቹን በሳንቲም ዙሪያ እያሰመረ ክብ አደረጋቸው። ሹል ማዕዘን የመኪናዋን መንቀጥቀጥ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስባል፤ ስንጥቅ ከዚያ ይነሳል።

ለሣጥኑ ልኩን የወሰደው በካርቶን ነው። ካርቶኑን እያጠፈ፣ እየቆረጠ፣ ቀዳዳው ውስጥ እየሞከረ፣ ሲገጥም ላሜራው ላይ ዘርግቶ ገለበጠው። ላሜራው ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ የመጣ ንጹሕ ላሜራ ነው። ለምን ዚንክ የተቀባ እንደማይጠቀም ጠየቅሁት፤ የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ዕድሜ የሚያገኘው ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱን ስለሚያስበላ ነውና። ፖርሽም የ911ን አካል ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዚንክ ከተነከረ ላሜራ መሥራቱ ለዚሁ ነው። መልሱ አጭር ነበር፤ ዚንክ ሲበየድ ጭሱ ትኩሳት ያስይዛል፣ ብየዳውንም ያበላሻል። ዚንኩ በኋላ በቀለም መልክ ይገባል።

የሣጥኑ እጥፋቶች ቀጥ ያሉ ስለሆኑ በባቡር ሐዲድ ቁራጭ ላይ በጎማ መዶሻ ወጡ። ችግሩ ከኋላ ፓራፋንጎ ፊት ያለው የታችኛው አካል ነበር። ቮልስ አካሏ ላይ ዝርግ የሚባል ቦታ የላትም ብል ብዙም አላጋነንኩም፤ ላሜራው ወደ ታችም ወደ ጎንም በአንድ ጊዜ ይጎብጣል። እንዲህ ያለ ቅርጽ በማጠፍ አይመጣም፤ ብረቱ መሃሉ ላይ መለጠጥ አለበት። ባትላሜራው ላሜራውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስቀምጦ በክብ አፍ መዶሻ ከመሃል ወደ ዳር እየዞረ መታው። ሲመታ ላሜራው ይጨማደዳል፤ ለማየት ያስፈራል። ከዚያ ከስር ደጋፊ ብረት ይዞ ከላይ በዝርግ መዶሻ ጭምድዱን አንድ በአንድ ያስተኛዋል። መዶሻው ደጋፊው ላይ በቀጥታ ሲያርፍ ብረቱ ይለጠጣል፤ ከደጋፊው ጎን ሲያርፍ ደግሞ ጉብታው ይወርዳል፣ ደጋፊው የያዘው ጉድጓድ ይነሳል። ይህን ልዩነት በቃል ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር በቃኝ። በእጅ ለማወቅ የሚፈጀውን ዓመት ረዳቱ ሊነግረን ይችላል። አንድ ቦታ ላይ ከልክ በላይ ተለጥጦ ሲገፋው እየገባ የሚወጣ ሆነበት። በነበልባል ሳንቲም የምታክል ነጥብ እስክትቀላ አሞቀና እርጥብ ጨርቅ ጫነባት። ብረቱ እየቀዘቀዘ ሲሰበሰብ ዙሪያው ተወጠረ፤ ዳግመኛ ሲገፋው አልተነቃነቀም።

ብየዳው ላይ የራሴ ጽኑ አስተያየት አለኝ። አሮጌው ላሜራ ላይ አዲሱን ደርቦ መበየድ ቀላል ነው፤ ልክ አያስፈልገውም፣ ብየዳውም አያስቸግርም። በሁለቱ ላሜራዎች መካከል ግን ቀለም የማይደርስበት ውሃ የሚደርስበት ስስ ክፍተት ይቀራል፤ ዝገት ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኝም። ለተደረበ ልጥፍ ገንዘብ አልከፍልም። ይህ ሰው ጠርዝ ለጠርዝ ነው የሚገጥመው። ቁራጩ ቀዳዳው ውስጥ ሲቀመጥ ዙሪያውን የመጋዝ ምላጭ የሚያሳልፍ ክፍተት ብቻ ቀረ፤ እዚያ ለመድረስ ሲሞርድ፣ ሲያስገባ፣ ሲያወጣ ግማሽ ቀን ሄዷል።

ሣጥኖቹን በሲኦቱ ማሽን በየዳቸው። የውጭውን ላሜራ ግን በኦክሲጅን። ማሽኑ ይፈጥናል፤ የሚተወው ስፌት ግን ደረቅ ነው፣ መዶሻ አይቀበልም። በነበልባል የተበየደ ስፌት ለስላሳ ስለሆነ ተመትቶ ከላሜራው ጋር አንድ ይሆናል። አደጋው ሙቀቱ ነው። ነበልባሉ ከ3,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን ብረቱ የሚቀልጠው 1,500 ገደማ ላይ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከቆየ ያ ሁሉ የመዶሻ ሥራ ይጣመማል። ስለዚህ መስመሩን ተከትሎ አይሄድም። አንዱ ጫፍ ላይ ነካ ያደርግና ያቆማል፣ ሌላው ጫፍ ላይ ነካ ያደርጋል፣ ከዚያ መሃል፣ ከዚያ የመሃሉ መሃል። ነጥቡ ገና ቀይ ሳለ ከስር ደጋፊውን ይዞ በመዶሻ ያስተኛዋል፣ ጨርቅ ያሳርፍበታል፣ ከዚያ ይጠብቃል። በእጁ ጀርባ ነክቶ ሙቀቱ እስኪወርድ ምንም አይሠራም። ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ የገባ ሰው ሥራ የፈታ ሰው መስሎት ይሄዳል።

ስፌቱ ከተዘጋ በኋላ ሞረድ ሳይጫን አሻሸበት። ሞረዱ ከፍ ያለውን ያበራዋል፣ ዝቅ ያለው ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ጥቁሩን ከስር አነሳ፣ እንደገና ሞረደ፣ እንደገና አነሳ። ዓይኑን ከላሜራው ጋር ትይዩ አድርጎ ብርሃኑ ላይ ያየዋል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በስስ ጨርቅ ላይ መዳፉን ያንሸራትታል። ጨርቁ የላሜራውን ሻካራነት ስለሚውጠው ለእጁ የሚቀረው ቅርጹ ብቻ ነው። ስፌቱ የት እንደነበረ ፈለግሁት። ቀለም ባልነካው ነጭ ብረት ላይ የነበልባሉ ሰማያዊ ጥላ ባይኖር አላገኘውም ነበር።

ስቱኮ አልተጠቀመም ማለቴ አይደለም። ተጠቅሟል፤ ከ2 ሚሊሜትር በታች፣ የመዶሻ ጥቃቅን ምልክት ለመሙላት። ስቱኮን የሚጠሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ በአጠቃቀሙ እንጂ በራሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። እርጥበት ስለሚጠጣ በዛገ ብረት ላይ ሲለጠፍ ዝገቱን ሸፍኖ ያጠጣዋል፤ በንጹሕና ደረቅ ብረት ላይ በስሱ ሲቀባ ግን ዕድሜ ልክ ይኖራል። ስቱኮው ሲደርቅ ጥቁር ቀለም በስሱ ነፍቶበት በእንጨት ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት አሸው። ጥቁሩ የቀረበት ሁሉ ገና ጎድጓዳ ነው። መቁረጥ በማይቻልባቸው መጋጠሚያዎች ውስጥ የቀሩትን ጥቃቅን ጉድጓዶች በፎስፎሪክ አሲድ አራሳቸው፤ ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ተለወጠ። ከዚያ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዚንክ ያለውን አንቲራስት ቀባ። ቀለሙን የቀባው ሌላ ሰው ነው። ከዝናብ ቀን ይልቅ ፀሐይ የወጣበትን ጠበቀ፤ በእርጥብ አየር የተረጨ ቀለም ነጭ ጭጋግ ይይዛልና።

እንዲህ ያለ ሥራ ለአሮጌ መኪና ይበዛል የሚል ሰው ይኖራል። የአዲስ አበባ ጎዳና ግን ከእንግዲህ በአሮጌ መኪና ነው የሚኖረው። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ እንደ ዕድሜው የሚከብድ ኤክሳይዝ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ያሉን የነዳጅ መኪኖች ያሉን ናቸው። ቮልስማ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ከወጣች ቆይታለች፤ እስከዚያ ድረስ 21,529,464 ተሠርተዋል። ዝገት አንድን መኪና ብቻ አይደለም የሚጥለው። በ1980 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የላንቺያ ቤታ ሞተር የሚሸከመው ክፍል እየዛገ በመገኘቱ ኩባንያው መኪኖቹን ከባለቤቶቻቸው መልሶ እስከ መግዛት ደርሶ ነበር። ሞተር ይቀየራል፣ ማርሽ ይቀየራል፤ አካሏ ከሄደ ግን መኪናዋ ሄደች።

የመጨረሻው ሥራ የሣጥኖቹ ሆድ ነበር። ባትላሜራው የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን በድሮ ቦታቸው መልሶ በስቷል፤ ይህን የሚረሱ ብዙዎች ናቸው። ከዚያ ንጹሕ ዘይትና ሰም አንድ ላይ አሙቆ፣ ረጅም ቀጭን ቱቦ ባለው መርጫ ከዳር እስከ ዳር ረጨ፤ በቀዳዳዎቹ በኩል እስኪንጠባጠብ ድረስ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ብዙዎች ይጠቀማሉ፤ እሱ አሲድ ስላለበት አይወደውም። በሣጥኑ ጎን ላይ ጣት የሚያስገባ አንድ ቀዳዳ ትቶ በጎማ ክዳን ዘጋው።

መምህርቷ መኪናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ቀለሟን ዞር ብለው አዩ። በሩን ከፍተው ዘጉት፤ በመጀመሪያው ግፊት ገጠመ። ባትላሜራው ግን ጎንበስ ብሎ የጎማ ክዳኑን አሳያቸው።

«እትዬ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ በኅዳር ያምጡልኝ። ይህን እከፍትና ጣቴን አስገባለሁ። ቅባት ይዞ ከወጣ ምንም የለባትም፤ ደርቆ ከወጣ ደግሜ አጠጣታለሁ። ለዚያ አላስከፍልዎትም።»